የብዙኃን መገናኛ ከባህል አንፃር፦ ከሐዋሳ ሲታይ

የብዙኃን መገናኛን በባህል ዓይን የሚያጠናው ዘርፍ ጥያቄውን የሚጀምረው ከሰሚው ቤት ነው። ሬዲዮው የት ድረስ ይሰማል፣ ስንት ሰው ይከታተለዋል የሚለውን አይንቅም። ግን ሰዎች የሰሙትን ከማን ጋር ሆነው ሰሙት? ምን ብለው ተረዱት? ከሰሙ በኋላስ ለማን ነገሩት? የሚሉትን ያስቀድማል። ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛና ወላይትኛ በአንድ ሰፈር በሚሰሙባት ሐዋሳ ጥያቄዎቹ ቶሎ ሥጋ ይለብሳሉ።

ከዚህ አተያይ በፊት የነበረው ዋና መንገድ ተግባቦትን እንደ ጭነት ያየው ነበር፤ ከላኪ ተነሥቶ ተቀባይ ጋ የሚራገፍ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1948 ማን፣ ምን አለ፣ በምን መንገድ፣ ለማን፣ በምን ውጤት ብሎ የደረደራቸው አምስት ጥያቄዎች ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ ይጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው የተግባቦት ምሁር ጄምስ ኬሪ ይህ ብቻውን አይበቃም አለ። ተግባቦት መልእክት ማድረስ ብቻ ሳይሆን ሰዎች የጋራ ዓለማቸውን የሚሠሩበትና ሲላላም የሚጠግኑበት ሥርዓት ነው ብሎ፣ ጋዜጣ ማንበብን ከቅዳሴ ጋር አመሳሰለው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው አዲስ ነገር ልስማ ብሎ አይሄድም፤ የሚያውቀውን ከሚያውቃቸው ጋር ሊካፈል ነው የሚሄደው።

ለኬሪ ሐሳብ ከፊቼ ጨምበላላ የተሻለ ማሳያ ሐዋሳ ላይ ማግኘት ይከብዳል። የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ቀኑን ይለያሉ፣ ቀኑም ለጎሳዎቹ ይነገራል፤ በገበያ የሚታወጀው አዋጅ ላላዋ ይባላል። ገበያ የተመረጠው እንዲያው አይደለም። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ። ገበያም በእነዚህ ቀኖች ስለሚቆም ጊዜው ራሱ በገበያ ይቆጠራል። ሸማቹ ቅቤውንና ቆጮውን ይዞ ሲመለስ ቀኑንም ይዞ ይገባል። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ሐዋሳ ላይ ሕዝቡ ቄጣላ የሚባለውን ዘፈንና ጭፈራ ይዞ ጉዱማሌ አደባባይ ይሰበሰባል። ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

አሁን በዓሉ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል። በጭነት አተያይ ከተለካ የገበያውን አዋጅ ቴሌቪዥኑ በፍጥነትም በስፋትም ይበልጠዋል። ግን ቀኑን በስልኩ ያነበበ ሰው ያገኘው ቀኑን ነው፤ ገበያ ላይ የሰማው ደግሞ አብረውት የሰሙትንም አይቷል። ይህ ልዩነት በተመልካች ብዛት አይያዝም። ሲዳማ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ በሽምግልና ላይ ሰዎች «አፊኒ» ይባባላሉ፣ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት ነው። ነገሩ ተነገረ የሚባለው ሲሰማና ምላሽ ሲያገኝ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አንድ ቃል ከብዙ የተግባቦት ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጣል።

የዘርፉ ሁለተኛ ምሰሶ የተተከለው በእንግሊዝ፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በተከፈተው የባህል ጥናት ማዕከል ነው። ማዕከሉን በኋላ የመራው ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 አዘጋጁ የሚያስቀምጠው ትርጉምና ተመልካቹ የሚያወጣው ትርጉም አንድ ላይሆን ይችላል ብሎ ሦስት አነባበቦችን ለየ፦ መቀበል፣ መደራደርና መቃወም። እንበል ዜናው «የምግብ ዘይት በበቂ ሁኔታ እየቀረበ ነው» አለ። አንዷ የቤት እመቤት እውነት ብላ ጀሪካን ይዛ ወደ ሸማቾች ማኅበር ትሄዳለች። ሌላዋ «መጥቶ ይሆናል፣ ለእኛ ሰፈር ግን አልደረሰም» ትላለች፤ ዋናውን ተቀብላ ከራሷ ኑሮ ጋር ታደራድረዋለች። ሦስተኛዋ «በቂ ነው ካሉማ ሊጠፋ ነው» ብላ ሁለት ባለ 5 ሊትር ትገዛለች። ዜናው አንድ፣ የተሠራው ሥራ ሦስት። ተመራማሪው ዴቪድ ሞርሊ ይህን ሐሳብ በ29 የተመልካች ቡድኖች ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያሳትም፣ የመደብ ልዩነት ብቻውን አነባበቡን እንደማይወስን አገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የሆልን ሐሳብ ሰምና ወርቅ ነው ይላል። አይደለም። በቅኔ ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ነው፤ ሰሚው የተቀበረውን ያወጣል። በሆል ሐሳብ ግን ሰሚው አዘጋጁ ያላስቀመጠውን፣ አንዳንዴም የማይፈልገውን ትርጉም ያወጣል።

እንዲህ ያለው የሰሚዎች ጥናት በቡድን ውይይት ሲሠራ አንድ ቡድን ከ6 እስከ 8 ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሰዎቹም እንዲሁ አብረው የሚሰሙ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ለጥናት ተብሎ የተሰበሰበ እንግዳ ቡድን እንደ ስብሰባ ይናገራል። ቡና እየተፈላ ከሆነ በአቦል ጥያቄ አይነሣም፤ ያን ጊዜ የሚገኘው ይሉኝታ ነው፣ እስከ ቶና መታገሥ ያዋጣል። አባወራው ለሁሉም የሚመልስ ከሆነ ሴቶቹንና ወጣቶቹን ለብቻ ማነጋገር ግድ ይላል። የአንድ ሰዓት ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ትርጉም ካለው ደግሞ ከዚያም በላይ።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚሁ ግልበጣው ላይ ነው። «ዘይት ገብቷል» እና «ዘይት ገብቷል ተባለ» አንድ አይደሉም፤ «ተባለ» ያለው ሰው ነገሩን ከራሱ አርቆ አስቀምጦታል። ጽሑፉን ላስተካክል ብሎ ያቺን ቃል የሚያወጣ ገልባጭ ተጠራጣሪውን አማኝ ያደርገዋል። «ዜናው ጥሩ ነው» ሲባልም ወሬው ደስ አሰኘ ማለት ይሁን አቀራረቡ አማረ ማለት እዚያው ካልተጠየቀ በኋላ አይታወቅም። በሲዳሙ አፎ የተነገረው መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ከዚያ ይተረጎማል፤ በጆሮ እየሰሙ በቀጥታ ወደ አማርኛ መጻፍ እንዲህ ያሉትን ቃላት ይበላል። ጽሑፉ ሲያልቅ ለቡድኑ ይነበባል። «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» የሚል ሰው ከተገኘ እርማቱ ከነቀኑ ከጎን ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ንግግር ግን አይሰረዝም።