ባለ ክብደት የራኬት ክር መወጠሪያ፦ ለምን ያስታል፣ እንዴት ይስተካከላል

የቴኒስና የባድሜንተን ራኬት ክር ቤት ውስጥ ለመቀየር ከሚያገለግሉ ማሽኖች ርካሹ ባለ ክብደቱ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በአንድ የብረት ዘንግና በዘንጉ ላይ ወዲህ ወዲያ በሚንሸራተት ክብደት ይሠራል። በአሜሪካ የሚታወቁት ክሊፐርሜትና ጋማ ኤክስ-2 የዚሁ ዓይነት ናቸው። በየሻጩ ስማቸው የሚቀያየር ተመሳሳዮችም በኢንተርኔት ሞልተዋል።

ክሩ ላልቶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክብደቱ ነው። ይሁንና በዚህ ማሽን ላይ ከክብደቱ የበለጠ የሚታመን ክፍል የለም፤ የምድር ስበት አያረጅም፣ ባትሪም አይጨርስም። የሚያስቱት ክሩን የሚይዙት ክፍሎች ናቸው፦ የመጎተቻው መንጋጋ፣ ክላምፖቹ (የተወጠረውን ክር ቀጣዩ እስኪጎተት ቆንጥጠው የሚይዙት)፣ ፍሬሙን ደግፈው የሚይዙት ምሰሶዎችና በመጨረሻ የሚታሰረው ቋጠሮ። ስለዚህ ብልሽት ሲፈለግ ጥያቄው አንድ ነው፦ ውጥረቱ የጠፋው ሲጎተት ነው፣ ከተጎተተ በኋላ ተይዞ ሳለ ነው ወይስ ሲታሰር?

ለንግግር እንዲያመች የሸማኔውን ቃል ብንዋስ፣ በራኬቱ ቁመት የሚዘረጉት ክሮች ድር፣ በመካከላቸው አግድም የሚሸመኑት ማግ ናቸው። ብዙ የቴኒስ ራኬቶች 16 ድርና 19 ማግ አላቸው፤ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ይበቃል።

ዘንጉና አግድመቱ

አሠራሩ የጤና ጣቢያ ሚዛንን ይመስላል። ክብደቱ ከማዞሪያው፣ ማለትም ዘንጉ ከሚዞርበት ቦታ፣ በራቀ ቁጥር ክሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል። በዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት የሚሆነው ግን ዘንጉ ከአድማስ ጋር ሲስተካከል ነው። 5 ዲግሪ ቢዛነፍ ከ25 ኪሎ ላይ የሚጎድለው 100 ግራም ገደማ ነው። 10 ዲግሪ ሲሆን 400 ግራም ያህል፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ኪሎ ተኩል ይጎድላል። ወደ ላይም ተዛነፈ ወደ ታች፣ ውጤቱ ያው መጉደል ነው። ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ዲግሪ ብሎ ክሩን ደጋግሞ እየፈቱ መጎተት ድካም ብቻ ነው፤ እንዲያውም መንጋጋው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲነክሰው ክሩ ይጎዳል።

አግድመቱ የሚለካው ከምድር ጋር እንጂ ከጠረጴዛው ጋር አይደለም። ያዘመመ ጠረጴዛ ላይ ዘንጉ ከማሽኑ መሠረት ጋር ትይዩ ቢሆን እንኳ ስህተት ነው። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ትንሽ ውሃ ልክ ዘንጉ ላይ አስቀምጦ ማየት ይበቃል፤ ውሃ ልኩ ከባድ ከሆነ ግን ካዩ በኋላ ማንሳት ያስፈልጋል፣ እሱም ራሱ ይጎትታልና።

ዘንጉ ከአግድም በታች እየወረደ የሚያስቸግር ከሆነ ክሩ ብዙ እየተሳበ ነው ማለት ነው። ክሩን በእጅ ጠበቅ አድርጎ ስቦ መንጋጋው ውስጥ ማስገባት፣ ዘንጉንም ከበፊቱ ከፍ አድርጎ መጀመር ነው። ከአግድም በላይ ከቀረ ተቃራኒውን ማድረግ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር ጥርስ ያላቸው ማሽኖች ላይ ክሩን ሳይፈቱ ዘንጉን ብቻ አንስቶ እንደገና ማውረድ ይቻላል። እነዚህ ሲያረጁ ዘንጉ በመሃል ቀጭ ብሎ ይዘላል፤ ብዙውን ጊዜ ጥርሱን የሚገፋው ሞላ ደክሟል ወይም በቆሻሻና በደረቀ ግራሶ ተይዟል። ምንም ዓይነት ማሽን ቢሆን ዘንጉን ለቆ ማስወደቅ አይገባም። ሲወድቅ የሚፈጠረው ምት ከተፈለገው ውጥረት በላይ ይጎትትና ክሩን ይበጥሳል።

ቁጥሩን በሚዛን መፈተሽ

በርካሽ ማሽን ላይ የታተመው መስመር በጥቂት ሚሊሜትር ተንሸራቶ ሊታተም ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ተራ ስህተቶችን ማጣራት ያስፈልጋል። አንደኛው ኪሎና ፓውንድን ማምታታት ነው (1 ኪሎ 2.2 ፓውንድ ስለሆነ 55 ፓውንድ 25 ኪሎ ይሆናል)። ሁለተኛው ቁጥሩ የሚነበበው በክብደቱ በየትኛው ጠርዝ እንደሆነ አለማወቅ ነው፤ ይህ ከመመሪያው የሚታይ ነው።

ለመፈተሻ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን የሻንጣ ሚዛን ይሆናል። በቅድሚያ ሚዛኑ ራሱ ይፈተን። በባለ 2 ሊትር ጠርሙስ 10 ጊዜ ለክቶ ውሃ ጄሪካን ውስጥ መጨመር 20 ኪሎ ይሰጣል፤ የባዶው ጄሪካን ክብደት ለብቻው ተመዝኖ ይደመራል። ከዚያ የሚዛኑን አንድ ጫፍ በማይሳሳብ ገመድ ከምሰሶው ጋር ማሰር፣ በሌላው ጫፍ አሮጌ የፖሊስተር ክር አስሮ መንጋጋው ውስጥ ማስገባት፣ ሁሉም በአንድ ቀጥታ መስመር መሆኑን ማየት፣ ዘንጉንም በቀስታ ማውረድ ነው። ከአንዳንድ የሻንጣ ሚዛኖች መጠንቀቅ ይገባል፤ ያዩትን ከፍተኛ ቁጥር ቆልፈው ስለሚይዙ ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ የተፈጠረውን ጫፍ እንደ እውነተኛ ውጥረት ያሳያሉ። ሲጎተትም ፊትን ከክሩ መስመር ማራቅ ነው።

በ15፣ በ20ና በ25 ኪሎ ሦስቱንም መለካት ከአንድ ልኬት ይሻላል። ልዩነቱ በሦስቱም ላይ እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሌ ግማሽ ኪሎ ከጎደለ፣ የተንሸራተተው የታተመው መስመር ነው። ወረቀት ለጥፎ በእስክሪብቶ አዲስ ምልክት ማድረግ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ልዩነቱም የሚያድግ ከሆነ ችግሩ ከክብደቱ መጠን ወይም ክሩ ከሚጠመጠምበት ክብ ብረት ስፋት ነው፤ ይህ አይጠገንም፣ ግን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ መጠቀም ይቻላል። ዘንጉን በጣት ትንሽ ጫን አድርጎ ሲለቁትና ትንሽ አንስቶ ሲለቁት ሚዛኑ የተለያየ ቁጥር ካሳየ ደግሞ ማዞሪያው ውስጥ ፍትጊያ አለ። ፈትቶ ኩሽኔታውን ማጽዳት፣ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ፣ የተላላጠ ሮንዴላ ካለ መቀየር ነው። ዘይቱ ወደ መንጋጋው እንዳይደርስ!

የሚንሸራተተው ማን ነው?

ዘንጉ አግድም ከደረሰ በኋላም ቀስ እያለ መውረዱን ካላቆመ ወይ ክሩ ገና እየተሳበ ነው፣ ወይ መንጋጋው አልያዘም። ለመለየት ክሩ ከመንጋጋው በሚወጣበት ቦታ ላይ በማርከር ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ነጥቡ ከመንጋጋው ከራቀ ክሩ እየሾለከ ነው። ነጥቡ ሳይነቃነቅ ዘንጉ ከወረደ ክሩ ራሱ እየተለጠጠ ነው፤ ይህ ናይለን ላይ ለብዙ ሰከንዶች የሚቀጥል ጤናማ ነገር ነው። ዋናው ለሁሉም ክር እኩል መጠበቅ ነው፤ 10 እየቆጠሩ የሚይዙ ከሆነ እስከ መጨረሻው 10 ይቆጠር።

የመሾለክ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። አዲስ ክር በሰም መሰል ነገር የተለበጠ ስለሆነ ይህ በመንጋጋው ጥርስ ላይ ይጋገራል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጸዱታል፤ ከተወሰኑ ራኬቶች በኋላ ሁሌም መደገም አለበት። ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ግን መንጋጋውን ማበላሸት ነው።

ክላምፑም በተመሳሳይ ይመረመራል። በክላምፑ በሁለቱም ወገን ክሩ ላይ ነጥብ ይደረግና ዘንጉ ይነሳል። ነጥቡ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ የክላምፑ ብሎን ይጥበቅ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥ። አብዝቶ ማጥበቅ ሌላ ጉዳት አለው፦ ክሩ ላይ የነጣ ወይም የተጨፈለቀ ምልክት ይተዋል፣ ያ ቦታ በኋላ ይበጠሳል። ያላጠበቀው ሰው ውጥረት ያጣል፣ ያበዛው ክር ያጣል። ጥርሱ ከቆሸሸ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ መጀመሪያ ይጸዳ።

በርካሹ ማሽን ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ተንሳፋፊው ክላምፕ ነው። ይህ ክላምፕ ከማሽኑ ጋር አልተያያዘም፤ አዲስ የተወጠረውን ክር ቀድሞ ከተወጠረው ጎረቤቱ ጋር አቆራኝቶ ይይዛል። ዘንጉ ሲነሳ ክላምፑ ወደ ራኬቱ ውስጥ ዘመም ይላል፣ በዚያችው መዝመም ውጥረት ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻለው መቀነስ ነው። ክላምፑን ፍሬሙን ሳይነካ በተቻለ መጠን ወደ ፍሬሙ ማስጠጋትና ሁልጊዜም ከሁለቱ ክሮች ጋር ቀጥ አድርጎ ማስገባት ይረዳል። ጠንካራው ፖሊስተር በዚህ ይበልጥ ይጎዳል፤ ስለማይለጠጥ፣ ለስላሳውን ክር ብዙም የማይጎዳ የአንድ ሚሊሜትር መመለስ እሱን ብዙ ኪሎ ያስጥለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድሮች ደግሞ የሚደገፉበት ጎረቤት የላቸውም። ለእነሱ ከፍሬሙ ውጭ የሚያዝ መነሻ ክላምፕ ለብቻው መግዛት ተገቢ ነው፤ ከሚጨመሩ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው እሱ ነው።

ቋሚ፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር የተያያዘ፣ ክላምፕ ያላቸው ማሽኖች ላይ የሚንሸራተተው የክላምፑ ጥርስ ሳይሆን ከታች ያለው መቆለፊያ ሊሆን ይችላል። የሚቆምበት ሐዲድ በአልኮል ይወልወል።

ፍሬሙ

25 ኪሎ ሲባል ቀላል ይመስላል። 16 ድር ሲደመር ግን የራኬቱ ራስና አንገት በ400 ኪሎ ጉልበት እየተሳሳቡ ነው። በዚያ ሰዓት ፍሬሙ ያጥራል፣ ጎኑም ይሰፋል፤ ማጉ ተወጥሮ ሲያልቅ ነው ወደ ቅርጹ የሚመለሰው። በሁለት ቦታ ብቻ የሚደግፉ ርካሽ ማሽኖች ይህን የሚቋቋሙት ምሰሶዎቹ በትክክል ከተጠበቁ ነው። ክፍተት ከቀረ ፍሬሙ ይሰነጠቃል፤ አለቅጥ ከጠበቁ ፍሬሙን ገና ሳይወጠር ያስረዝሙታል። በእጅ እስኪነካ ማጥበቅ፣ ከዚያ ጥቂት መጨመር ልኩ ነው። ዳዶዎቹ በሥራ መካከል ስለሚላሉ ድሩ እንዳለቀ እንደገና መንካት አለባቸው።

ድሩ ከመሃል ተጀምሮ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይወጠራል፤ አንዱ ወገን ሌላውን ከሁለት ሦስት ክር በላይ አይቅደም። ማጉ ከራስ ወደ አንገት ይውረድ፤ በተቃራኒው ቢኬድ ጉልበቱ ደካማው የራኬት ራስ ላይ ይከማቻል። ድሩን ብቻ ወጥሮ ማደር አይገባም። ክር በመሃል ከተበጠሰም ቀሪው በቶሎ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተፈራረቀ ይቆረጥ። የፍሬሙን ርዝመትና ስፋት ከሥራው በፊትና በኋላ በሜትር መለካት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ይናገራል፦ ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ የምሰሶው አያያዝ ወይም የድሩና የማጉ መመጣጠን ተበላሽቷል።

ማጉና ቋጠሮው

ማግ በድር መካከል ሲሾልክ ፍትጊያው ውጥረቱን ይበላዋል። ከመጎተት በፊት ክሩን ማቃናት፣ ዘንጉ ሲወርድ ደግሞ ማጉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ ያስተካክለዋል። አንድ ድር ላይ ሳያፈራርቁ ማለፍ ከሁሉ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከ5 ማግ በኋላ ማረም 5 ማግ መፍታት ስለሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ከመወጠሩ በፊት ይታይ። ቀዳዳው በሌላ ክር ከተዘጋ የክሩን ጫፍ ሹል አድርጎ በሰያፍ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወስፌ ከተጠቀሙ ጫፉ ደነዝ ይሁን፤ የሾለው የተወጠረውን ክር ይወጋል።

ቋጠሮው ሲጠብቅ የመጨረሻው ክር ወደ ኋላ ይሳባል። ለዚህ ብለው የመጨረሻውን ክር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከፍ አድርገው የሚወጥሩ አሉ፤ ይጠቅማል፣ ቋጠሮው አስቀድሞ በፒንሳ በደንብ ካልጠበቀ ግን ትርፉ ባዶ ነው።

ባድሜንተን ሲሆን

የባድሜንተን ክር ውፍረት ከ0.61 እስከ 0.70 ሚሊሜትር ገደማ፣ የቴኒሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.20 እስከ 1.35 ነው። ለቴኒስ የተስተካከለ ክላምፕ ቀጭኑን ክር ጨርሶ አይዝም፤ ለብቻው ክላምፕ ያስፈልጋል። ዝቅተኛ ውጥረትም ሌላ ጣጣ አለው፦ ክብደቱን እስከ ማዞሪያው ቢያስጠጉትም የዘንጉ የራሱ ክብደት ስለሚጎትት ከተወሰነ ቁጥር በታች መውረድ አይቻልም። አንዳንድ ማሽኖች ክብደቱ ለሁለት የሚከፈለው ለዚሁ ነው፤ ቁራጩ ሲወልቅ ግን የሚነበበው ሌላኛው የቁጥር መስመር ነው።

የማሽኑ ጥፋት ያልሆነው

ባለ ክብደቱ ማሽን ክሩን እስከሚያዝበት ሰከንድ ድረስ ይጎትታል። በእጅ እየተዞረ የተፈለገው ውጥረት ላይ ሲደርስ የሚቆለፈው ዓይነት ማሽን ግን ከተቆለፈ በኋላ ክሩ ሲላላ አይከተለውም። ስለዚህ በዚያኛው የለመደ ተጫዋች በተመሳሳይ ቁጥር ሲወጠርለት ራኬቱ ደርቆበታል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዝቅ አድርጎ መጀመር የተለመደ ምክር ነው። ፖሊስተር በመጀመሪያው ቀን በጉልህ መላላቱም የክሩ ጠባይ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን በጆሮው ያውቃል፦ ውጥረቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ድምፁ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እንደተወጠረ ክሩን መታ አድርጎ ድምፁን በስልክ መለካትና በማግስቱ ማወዳደር መላላቱን ያሳያል።

መለዋወጫ ሲያስፈልግ፣ የተበላ የማዞሪያ ዘንግ ወይም የምሰሶ ብሎን ማንኛውም ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። የክላምፕ ጥርስ ግን ሻካራነቱ በልዩ ልባስ የመጣ ስለሆነ ከተላጠ አይጠገንም፤ ሲታዘዝም ሁለቱን በአንድ ላይ ማዘዝ ይሻላል፣ አዲስና አሮጌ ክላምፕ እኩል አይዙምና።