«ቻይ ነው» ሲባል፦ ስለ ስሜት ጽናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቻይ ነው» በአማርኛ ትልቅ ምስጋና ነው። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ መሥሪያ ቤት ይባላል። ቃሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አዝሏል፤ ወድቆ መነሳትን እና የሚሰማውን ሁሉ አፍኖ መያዝን። ጽናት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ጽናትን ከሥሩ ይቦረቡራል። ከዚህ በታች የተነሱት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለቱን ከማምታታት ነው።

«ሆድ ይፍጀው ብሎ መዋጥ ያጠነክራል»

ስሜትን ፊት ላይ እንዳይታይ መደበቅ ከውስጥ አያጠፋውም። ሰዎች ስሜት የሚነካ ፊልም እያዩ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይታይ በተደረገባቸው ጥናቶች፣ መጥፎው ስሜት አልቀነሰም፤ የሰውነታቸው ውጥረት ግን ጨምሯል። ፊትን መቆጣጠር ትኩረት ስለሚወስድ፣ በወቅቱ የተነገራቸውን የማስታወስ አቅማቸውም ደክሟል። ስብሰባ ላይ ንዴቱን ውጦ የተቀመጠ ሠራተኛ የተባለው ግማሹ ሳይገባው የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚረዳው ስሜቱን በስሙ መጥራት ነው። «ደብሮኛል» አይበቃም፤ እፍረትም፣ ስጋትም፣ ሐዘንም፣ ድካምም እዚያ ውስጥ ይደበቃሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። እፍረት የሚያምኑትን ሰው ይፈልጋል፣ ስጋት ዕቅድ ይፈልጋል፣ ድካም እንቅልፍ ይፈልጋል። እንዲህ ብላችሁ ሞክሩት፦ «ኪራይ ስለተጨመረብኝ ስጋት ገብቶኛል፤ የምፈልገው አከራዬን የሁለት ወር ጊዜ መጠየቅ ነው።» ምክንያቱ፣ ስሜቱ፣ የሚፈለገው ነገር፤ ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር።

መናገር ለሚከብደው ጽሑፍ አለ። ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ፊደል ሳያርሙ መጻፍ፤ ሰው ያየዋል ብሎ የሚሰጋ ቀዶ ይጣለው። እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር አለ፤ በሦስተኛው ቀን የተጻፈው የመጀመሪያውን ቀን ቃል በቃል ከደገመ፣ ሰውዬው ቁስሉን እየነካካ ነው ማለት ነው። ያኔ «ለምን እኔን?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ነገ ጠዋት የትኛውን ክፍል መንካት እችላለሁ?» ወደሚለው ይሻገር። ከጻፈ በኋላ በየቀኑ የሚብስበት ከሆነ ያቁም።

«እንግዲያው ንዴትን ማፈንዳት ነው»

ይህም አይሰራም። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ የተደረጉ ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ንዴታቸው ብሶ ተገኝቷል። የጋለ ሰውነት ላይ ተጨማሪ እሳት ነውና።

ቀላሉ ማብረጃ አተነፋፈስ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ቢያደርጉት ማንም አያውቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረቱን ነፍቶ አየር በመሳብ ነው፤ ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ስለሚያስወጣ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይነዝራል፣ ጭንቀቱንም ያብሳል። ትንፋሹ ትንሽ ይሁን፤ የሚረዝመው መውጫው ነው።

«ጽናት ከተፈጥሮ ነው»

ተፈጥሮ ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይደለም። በሃዋይ የካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 700 ገደማ ልጆችን የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤሚ ወርነር ከባልደረቦቿ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁና በራሳቸው የሚተማመኑ ጎልማሶች ሆነዋል። ከሚጋሯቸው ነገሮች አንዱ በልጅነታቸው ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው፣ ከጎናቸው የማይጠፋ አዋቂ ማግኘታቸው ነበር፤ አያትም ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም፣ አስተማሪም።

ይህ ለመሃል አዲስ አበባ ሰው የቅርብ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። የቀረው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠሩት ለቡና የሚመጣው ጎረቤትም ቀርቷል። አዲሱ ቦታ ገብቶ «ለምን እንዲህ ደካማ ሆንኩ?» የሚል ሰው ደካማ አይደለም፤ ይዘውት የነበሩት እጆች ርቀውበት ነው። ስለዚህ ለግንኙነቱ ቀን ቁረጡለት፦ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ስልክ፣ በ15 ቀን አንዴ ለሁለታችሁም በሚቀርብ ቦታ ቡና። «አንድ ቀን እንገናኛለን» የተባለ ቀጠሮ አይደርስም። የአዲሱን ሰፈር እድርም ሐዘን ሳይደርስ ተመዝገቡ፤ መግቢያው ቢከብድ በየወሩ እየተከፈለ ይጠናቀቅ እንደሆነ ዳኛውን ጠይቁ።

«ቀና አስተሳሰብ ማለት መጥፎውን አለማሰብ ነው»

መሰናክሉን ያላሰበ ሰው ሲደርስበት መልስ የለውም። «አለቃዬ በሰው ፊት ከተናገረኝ፣ ወዲያው አልመልስም፤ ከምሳ በኋላ ላነጋግርዎት እላለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ይሻላል። «ተመስገን» ራስ ሲለው ያጽናናል፤ ሌላው እያለቀሰ «ተመስገን በል» ማለት ግን አፉን መዝጋት ነው።

«ቡና ያረጋጋል»

የሚያረጋጋው ጨዋታው ነው። ካፌይን በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ አቦል ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ልብ ሲመታ ጭንቀት ይመስላል፤ እንቅልፍ ይጎድላል፤ በማግስቱ ትንሹ ነገር ያስቆጣል። ማታ ቡና ከተፈላ ተሰብሰቡ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ቢበዛ በረካውን ጠጡ።

«ሐኪም ለእብድ ነው፤ አማኑኤል የገባ አይወጣም»

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ታይተው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሐዘን ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ለ2 ሳምንት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ሥራ ካቃተ፣ ይህ የጽናት ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን» ተብሎ ነው፤ ምርመራው ምንም ካላሳየ ስለ ስሜታችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል።

«መሞት ይሻለኛል» ያለ ሰው ካለ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም። ብቻውን አትተዉት፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አርቁ፣ በዚያው ቀን አብራችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነመያዣው ያዙለት።