በአዳማ የጥርስ ሕክምና ወንበር ላይ የሚነሱ የየዕለት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች

የጥርስ ሐኪም ሥነ ምግባር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ትልልቁ ጥፋት ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠራው፣ አንዱን መርፌ ለሁለት ሰው የሚጠቀመው። እነዚህ መልሳቸው የታወቀ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሌላውን ነው፦ ቅን ሐኪም እንኳ ቆም ብሎ የሚያስብበትን፣ በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚገጥመውን። ሊድን የሚችል ጥርስ ይዞ «ንቀልልኝ» የሚል ሰው አለ። ልጇን ይዛ መጥታ «መርፌ የለም በልልኝ» የምትል እናት አለች። የታካሚው ብር ለሚያስፈልገው ሕክምና የማይበቃበት ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ናዝሬት ይላታል። በመንግሥት በኩል የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ አለ። የግል የጥርስ ክሊኒኮችም አሉ። ታካሚው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲ፣ ከአርሲ ይመጣል። ከሩቅ የመጣ ሰው «ነገ ተመለስ» ሲባል የትራንስፖርት ብሩም የቀን ሥራውም ይቀርበታል። ቀላል ነገር ይመስላል። ከታች የማነሳቸውን ጥያቄዎች ግማሹን የሚያከብደው ግን እሱ ነው።

የጥርስ ሕክምናን ከሌላው የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሰው የራሱን መንጋጋ ማየት አይችልም። «ተቦርቡሯል» ከተባለ አምኖ መቀበል ነው። ሁለተኛ፣ የተነቀለ ጥርስ አይመለስም፤ የተሞረደም አይመለስም። ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ሰውነት መልሶ አይሠራውም። በዚያ ላይ አፉ ተከፍቶ፣ ማደንዘዣ ተወግቶ፣ መሣሪያው እየጮኸ ሰው ሐሳቡን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ማስረዳቱም መጠየቁም ማለቅ ያለበት ወንበሩ ወደ ኋላ ከመተኛቱ በፊት ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይመጣል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝና ምስጢሩን እንዲጠብቅ ያዛል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሙያ ምስጢር ማውጣትን በወንጀል ያስጠይቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ጉንጩን ይዞ ሲመጣ በአምስት ደቂቃ እንዴት እንደሚነገረው ግን የትኛውም አንቀጽ ላይ የለም።

የበለዘ ጥርስ

በዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በእርሻው መንደሮች ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ከነዚያ ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ከ10 ሚሊግራም በላይ ተለክቷል። በወንጂ ሠራተኞች ላይ ጥርስ ማበለዝ ብቻ ሳይሆን አጥንትና አከርካሪ የሚያደነድነው የፍሎራይድ በሽታም በጥናት ታይቷል። ዛሬ የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ጥርስ የሚበልዘው ግን በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ ሽፋን ተሠርቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ውሃ መቀየር የበለዘውን አያነጣውም።

እንግዲህ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መጣች እንበል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሠርጓ ደርሷል። «ስድስቱንም የፊት ጥርሶቼን ሞርደህ ነጭ አልብስልኝ» ትላለች። ብሩን ይዛለች። ክሊኒኩም ሥራውን ይፈልገዋል። ጥርሷ ግን ጤነኛ ነው፤ ቀለሙ ነው እንጂ።

ክራውን የሚባለውን፣ ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍነውን ቆብ ለማልበስ ከሚታየው የጥርስ አካል ከግማሽ በላይ ተሞርዶ ይወጣል። የተሞረደ ጥርስ አንዳንዴ ነርቩ ይሞትና የስር ሕክምና ይፈልጋል፤ ማለትም ነርቩ ወጥቶ ውስጡ ተጸድቶ ይሞላል። ክራውን ራሱም ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ ያሠራች ሴት በሕይወቷ ደጋግማ ማስቀየሯ አይቀርም። እያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከቀሪው ጥርስ ትንሽ ይወስዳል። በሌላ በኩል ቀላል መንገዶች አሉ። ላዩን በስሱ መፋቅ፣ ማንጣት፣ ፊቱን ብቻ በሙሌት መሸፈን። ከባድ ብልዝ ከሆነ ቬኒር የሚባለው ስስ ሽፋን አለ፤ ከክራውን እጅግ ያነሰ ነው የሚነካው።

ሐኪሙ እዚህ ላይ በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል። አንዱ ብሩን አይቶ መሞረድ ነው። ሌላው «ጤነኛ ነው፣ ለቁንጅና ብለሽ ነው፣ ሂጂ» ብሎ መሸኘት። ሁለተኛው የሥነ ምግባር ሰው የሚያስመስል ስህተት ነው። አፍን በእጅ ሸፍኖ ማደግ ቀላል ሕመም አይደለም። ደግሞም ያልተረዳት ልጅ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ቀጣዩ ክሊኒክ ሄዳ ታስሞርዳለች። እኔ የማምንበት መንገድ ከትንሹ መጀመር ነው። መጀመሪያ ማንጣቱና መፋቁ ይሞከር። ውጤቱን መስታወት ላይ አብሮ ማየት። ካልበቃት ወደሚቀጥለው መሄድ። ከላይ ወደ ታች መመለስ አይቻልም፤ ከታች ወደ ላይ ግን ይቻላል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ከቀረውም ይኸው ነው፤ ሠርጉ አንድ ቀን ነው፣ በጥርሱ ግን ሃምሳ ዓመት ታኝክበታለች።

በነገራችን ላይ ፍንጭትም እዚህ ይገባል። የጥርስ ትምህርት መጽሐፍ የፊት ጥርስ ክፍተትን ከአሰላለፍ ችግሮች ጋር ይቆጥረዋል። እኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው። ሳይጠየቅ «ይሄ መዘጋት አለበት» የሚል ሐኪም ያልነበረ በሽታ እየፈጠረ ነው።

«ንቀለውና ልገላገል»

አዳማ ውስጥ ከማንኛውም ቃል በላይ የሚሰማው ይሄ ነው። ሰውየው ሳምንት ታሟል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጧል። «ትል በልቶት ነው» ብለው ጎረቤቶቹ ነግረውታል። ጥርሱ ሲታይ ተቦርቡሯል፣ ግን ስሩ ጥሩ ነው። የስር ሕክምና ቢደረግለትና ቢሞላ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የስር ሕክምና ግን ከመንቀል ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ምልልሱም አለ።

ታካሚው መወሰን ይችላል፤ ጥርሱ የእሱ ነው። ችግሩ በሕመም ውስጥ ሆኖ መወሰኑ ነው። ነገ ሕመሙ ሲያልፍ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን ማስታገስ፣ ከዚያ መነጋገር። ጥርሱን ከፍቶ ውስጡን አጽድቶ ጊዜያዊ ሙሌት ማድረግ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ያስተኛዋል። ይህ የማሰቢያ ሁለት ሳምንት ይሰጣል። ብሩን ለማሰባሰብም ይጠቅማል። መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ የጎኑ ጥርስ ወደ ክፍተቱ እንደሚያዘም፣ የላዩ ወደ ታች እንደሚወርድ መንገርም ግዴታ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደማይሸፍን መንገርም እንደዚሁ። ዛሬ በርካሽ የተነቀለው ነገ በውድ እንደሚተካ ሰው ሳያውቅ አይወስን።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «አይ፣ ንቀለው» ካለስ? መንቀል ነው። ከደብረ ዘይት መንገድ ማዶ ካለ እርሻ የመጣ፣ ሌላ ቀን መመለስ የማይችል ሰው ያለውን አቅም የሚያውቀው ራሱ ነው። በድህነቱ ላይ ወቀሳ መጨመር አያስፈልግም። የስር ሕክምናው እንደ ቅጣት እንዳይመስለው ዋጋውን በግልጽ፣ በቁጥር፣ ከመጀመሪያው መንገር ይበቃል።

«አሞክሳሲሊን ጻፍልኝና ልሂድ» የሚለው ግን ሌላ ነው። የነርቭ ሕመምን ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት አያድነውም። ፊት ያበጠና ትኩሳት ያለው ሰው ያስፈልገዋል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ብቻ ያለው አያስፈልገውም። ለማስደሰት ሲባል የሚጻፍ ወረቀት ነገ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ ያለበትን ምክንያትም ማስረዳት።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። በፐርሰንት የሚከፈለው ሐኪም ብዙ በሠራ ቁጥር ብዙ ያገኛል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ራጁ ላይ ያለች ትንሽ ጥላ «ትሞላ ወይስ ትጠበቅ?» የሚል ጥያቄ ስታስነሳ፣ መልሱ የወሩ መጨረሻ ላይ ተመርኩዞ እንዳይመጣ ሐኪሙ ራሱን ማወቅ አለበት። ጥሩ መለኪያ አለ፦ እህቴ ብትሆን እሞላዋለሁ? በመንግሥት ሆስፒታል እየሠራ ታካሚውን «ማታ ክሊኒኬ ና» የሚልም ከዚሁ ወገን ነው።

ግግ

ሕፃን ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል። አያት ድዱን ትዳስስና «ግግ ነው» ትላለች። ግግ የሚባለው ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ነው፤ ድዱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በልማድ የሚያወጡ ሰዎች በስለት ይፈለቅቁታል። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ከሥሩ ባለው ቋሚ ጥርስ ላይ ጉዳት ያስከትላል። የሕፃኑ ተቅማጥ ግን ጥርስ አይደለም፤ ውሃና ንጥረ ነገር ማጣት ነው የሚገድለው።

አሁን እናት ወደ ክሊኒክ መጥታ «እናንተ በንጹሕ መሣሪያ አውጡልኝ» አለች እንበል። አልሠራም ብሎ መላክ ወደ ባለ ስለቱ መላክ ሊሆን ይችላል። መሥራትም ጤነኛ ሕፃንን መጉዳት ነው። መውጫው በሩ ላይ እምቢ አለማለት ነው። ሕፃኑን መቀበል፣ አፉን ማየት፣ ለእናቲቱ ነጩን ነጥብ ማሳየት፤ «ይሄ ጥርሱ ነው፣ በቅርቡ ይወጣል» ማለት። ከዚያ ኦ አር ኤስ እንዲጀመርለት ወደ ሕፃናት ሐኪም አብሮ መውሰድ። አያቲቱ አብረዋት ከመጡ ደግሞ ከሁሉም በላይ ማነጋገር የሚገባው እሳቸውን ነው፣ በአክብሮት። ቤት ውስጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸውና።

ቶሎ ቶሎ የሚገጥሙት

ልጅን መዋሸት አይገባም። «መርፌ የለም» ተብሎ የተወጋ ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ አምስት ቁጠር» ይበቃል። ፊቱ ያላበጠ ልጅ ካለቀሰ ሌላ ቀን መመለስ ይችላል፤ ይዞ መሥራት ለአስቸኳይ ብቻ ነው።

መብራት ይጠፋል። አውቶክሌቭ የሚባለው የእንፋሎት ማሽን መሣሪያ የሚያመክነው በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ያህል ከቆየ ነው፤ በመሃል ከተቋረጠ አልሠራም። ከአርሲ የመጣ ሰው ቢለምንም ባልመከነ መሣሪያ አይሠራም። ይልቅ የመከነ ትርፍ ስብስብ ቀድሞ ማስቀመጥ ነው።

ኤች አይ ቪ አለብኝ ያለ ታካሚ ካርዱ ላይ ቀይ ምልክት የሚደረግበት ምክንያት የለም። ጓንቱም፣ ማስኩም፣ ማምከኑም ለሁሉም እኩል ነው። «የመጨረሻ ሰዓት ና» ማለትም በአደባባይ እንደ መናገር ነው።

በጾም የመጣ ሰው «ማደንዘዣው ጾሜን ያፈርሳል ወይ?» ሲል ሐኪሙ ቄስም ሼህም አይደለም። ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚዋጥ፣ ደም ሊኖር እንደሚችል ይንገረው። የማይቸኩል ከሆነ ማታ ይቀጠር።

የሌላ ሐኪም ሥራ ተበላሽቶ ሲገኝ «ማን ነው ያበላሸሽ?» ማለት ይቀናል። አፉ ያኔ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ጥርሱ በምን ሁኔታ እንደነበር አናውቅም። የሚታየውን መንገር፣ ያልታየውን አለመገመት።

የራስ ስህተት ይበልጥ ይከብዳል። የስር ሕክምና ስሠራ የቀጭኗ መሣሪያ ጫፍ ጥርስ ውስጥ ተሰብራ ቀርታብኝ ታውቃለች። ይሄ በጥንቃቄም ይደርሳል። ራጁን ለታካሚው አሳየሁት፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደማደርግ፣ እንደማላስከፍለው ነገርኩት። ተቆጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስቱን ይዞ መጣ።

ፊትና ጥርስ ፎቶ አንስቶ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ በጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ አይቻልም። ወንበር ላይ እንደተኛ «ላንሳ?» ተብሎ የተገኘ «እሺ» እሺ አይደለም።

ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ልጃቸው ሲያስተረጉምላቸው፣ ልጁ የሚናገረው እሳቸው ያሉትን ሳይሆን ራሱ የሚፈልገውን ሊሆን ይችላል። በክሊኒኩ ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ ቢኖር ነው የሚሻለው።

የመጨረሻው ጉዳይ፦ የፊት ጥርሷ የተሰበረ ሴት። «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ትላለች። ባሏ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጧል። ከንፈሯ ከውስጥ በኩል ተተልትሏል፣ ክንዷ ላይ ያረጀ ሰንበር አለ። ባልን አስገብቶ መጠየቅ ለእሷ አደጋ ነው። ራጅ ለማንሳት ብቻዋን ማስገባት ይቻላል፤ በሩ ሲዘጋ ቀስ ብሎ «ሰው መቶሽ ነው?» ማለት። አይ ካለች አለመጫን። አዎ ካለች ጥቃት ለደረሰባቸው የሚሰጠውን አገልግሎት መንገር። ትሂድ አትሂድ የምትወስነው እሷ ናት። በሁለቱም መንገድ ካርዱ ላይ የታየው ሁሉ በቀኑ፣ በመጠኑ፣ በቦታው ይጻፋል፦ የትኛው ጥርስ፣ ከየት ተሰበረ፣ ከንፈሩ ምን ያህል ተቆረጠ። ዛሬ ዝም ያለች ሴት ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ብትቆም፣ ያቺ ካርድ ተፈልጋ ትወጣለች።