ስለ ጂአይ ቢል የሚወራውና እውነታው

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ኮሌጅ ለመግባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያማክረው አብሮት ያገለገለውን ጓደኛውን ነው። ጓደኛው የሚነግረው ደግሞ ለራሱ የሆነለትን ነው። ስህተቱ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ጂአይ ቢል የሚባለው የትምህርት ድጋፍ እንደ አገልግሎቱ ዘመን፣ እንደ ርዝመቱና እንደ ስንብቱ ዓይነት ከሰው ሰው ይለያያል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁን 1944 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ሕግ ከፈረሙ ወዲህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ከኦገስት 1 ቀን 2009 ጀምሮ የሚሠራውና «ድኅረ 9/11» የሚባለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ስለ እርሱ ነው።

«ያገለገለ ሁሉ መቶ በመቶ ይከፈልለታል»

አይከፈልለትም። ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2001 በኋላ በጠቅላላው 36 ወር በሙሉ ጊዜ ያገለገለ መቶ በመቶ ያገኛል። 24 ወር ያለው 80፣ 18 ወር ያለው 70፣ 90 ቀን ብቻ ያለው 50 በመቶ ይደርሰዋል። በውጊያ ቆስሎ ፐርፕል ኸርት የተሸለመ፣ ወይም ቢያንስ 30 ተከታታይ ቀን አገልግሎ በአገልግሎቱ ምክንያት በደረሰበት ጉዳት የተሰናበተ ግን ወራቱ ሳይቆጠሩበት ሙሉውን ያገኛል። ለብሔራዊ ዘብና ለተጠባባቂ ጦር አባላት የቅዳሜና እሑድ ልምምድ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የሚቆጠረው ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት በትእዛዝ የተጠሩበት ጊዜ ነው።

ይህን መቶኛ ከአካል ጉዳት መቶኛ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ሁሉም «ቪኤ» ይለዋል) 30 በመቶ የአካል ጉዳት የወሰነለት ሰው የትምህርት ድጋፉ መቶ በመቶ ሊሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ስንብቱም ይታያል፤ ይህ ድጋፍ የሚጠይቀው በሙሉ ክብር መሰናበትን ነው። ከእርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው፣ «ጄኔራል» የሚባለው ስንብት ለሕክምናና ለጉዳት ካሣ ሊያበቃ ቢችልም ለጂአይ ቢል አያበቃም። ዲዲ-214 የተባለውን የስንብት ወረቀት በጥሞና ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ልጄ ኮሌጅ ሲደርስ አስተላልፍለታለሁ»

ከሁሉም የበለጠ ቤተሰብን የሚጎዳው ይህ እምነት ነው፤ አንዴ ካለፈ መመለሻ የለውምና። ድጋፉን ለባለቤት ወይም ለልጅ ማስተላለፍ የሚቻለው ወታደሩ ገና በአገልግሎት ላይ ሳለ ብቻ ነው። ማስተላለፉን የሚፈቅደውም ቪኤ ሳይሆን መከላከያ መሥሪያ ቤቱ ነው። በደንቡ መሠረት ቢያንስ 6 ዓመት አገልግሎ ለተጨማሪ 4 ዓመት መፈረም ያስፈልጋል። ፈርሞ ያንን ጊዜ ሳይጨርስ በፈቃዱ የወጣ ሰው ማስተላለፉ ይሰረዝበታል፤ ቤተሰቡ የተማረበት ገንዘብም እንደ ዕዳ ሊጠየቅ ይችላል። የደንብ ልብሱን አውልቆ የወጣ አባት ግን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ቪኤን ቢለምን፣ ለምክር ቤት አባሉ ቢጽፍ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ ጊዜው አልፏል።

እዚህ ላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት መላ አለ። ድጋፉ በወር የሚቆጠር ሲሆን ሙሉው 36 የትምህርት ወር ነው፤ በአገልግሎት ላይ እያሉ ከዚህ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ቢያንስ አንድ አንድ ወር ማስተላለፍ። ስማቸው አንዴ ከገባ ከስንብት በኋላም ቢሆን ወራቱን ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መጨመር ይቻላል። ያልተመዘገበን ሰው ከስንብት በኋላ ማስገባት ግን አይቻልም። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው «ሁሉንም ለታላቋ» ብሎ 36ቱንም ወር ቢያስተላልፍና እርሷ በሙሉ ስኮላርሺፕ ብትማር፣ የተረፈው ለታናናሾቿ አይሻገርም። የሚጠቀም ልጅ 26 ዓመት ሳይሞላው መጨረስ አለበት፤ ባለቤት ላይ ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ገደብ የለም። ፍቺ ቢመጣ የባለቤት መብት በራሱ አይቋረጥም፤ ሆኖም አስተላላፊው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ይህን የምጽፈው ለማንም ክፉ ተመኝቼ አይደለም።

ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሕይወቱ ካለፈ ወይም በአገልግሎቱ ምክንያት ሙሉና ዘላቂ የአካል ጉዳት ካለበት ቤተሰቡ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። የፍራይ ስኮላርሺፕ እና የቤተሰብ የትምህርት ድጋፍ የሚባሉት ማስተላለፍን አይጠይቁም፤ ባለቤትና ልጆች በራሳቸው ስም ያመለክታሉ።

«የቤት ኪራይ አበሉ የሚታሰበው በምኖርበት ከተማ ነው»

የሚታሰበው በሚማሩበት ካምፓስ ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር) ነው። መለኪያውም ቤተሰብ ላለው ኢ-5 ማዕረግ (የሳጅን ደረጃ) በዚያ አካባቢ የሚከፈለው የቤት አበል ነው። ትምህርቱ በሙሉ በኢንተርኔት ከሆነ ግን የሚሰጠው የአገሪቱ አማካይ ግማሽ ብቻ ነው፤ በወር 1,000 ዶላርን ብዙም አይሻገርም። ኪራይ ውድ በሆነበት ከተማ የሚኖር ተማሪ ከኮርሶቹ አንዲቱን ብቻ ክፍል ገብቶ ቢማር በካምፓሱ ሒሳብ ይከፈለዋል። ይህን ሳያውቁ አምስቱንም ኮርስ በኢንተርኔት የሚወስዱ ሰዎች በየወሩ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሊያጡ ይችላሉ።

አበሉ የሚመጣውም ከወሩ በኋላ ነው፤ ትምህርት በሌለበት ቀንም አይታሰብም። ወርኃዊ አበሉ 2,400 ዶላር ነው እንበል። ትምህርት ኦገስት 25 ከተከፈተ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚገባው የጥቂት ቀን ሒሳብ፣ 480 ዶላር ገደማ ነው። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ፈተናው ሲያልቅ አበሉም ይቆማል፤ አከራይ ግን ኪራዩን ይፈልጋል። የሁለት ወር ኪራይ ሳይዙ ትምህርት መጀመር አይመከርም። 36ቱ ወራት ለአራት የትምህርት ዓመት የሚበቁትም ክረምቱና በሴሚስተሮች መካከል ያለው ዕረፍት ስለማይቆጠሩ ነው።

«የፈለግሁትን ኮሌጅ ሙሉ ይከፍልልኛል»

መቶ በመቶ ላለው ሰው በመንግሥት ኮሌጅ የግዛቱ ነዋሪ የሚከፍለው ሙሉ ይሸፈናል። በግል ኮሌጅ ግን ጣሪያ አለው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን በዓመት 28,937 ዶላር ነበር። ከዚያ የሚተርፈውን የሎው ሪበን በሚባለው ፕሮግራም ኮሌጁና ቪኤ እኩል ሊጋሩት ይችላሉ፤ ግን ኮሌጁ ስምምነቱ ውስጥ መኖሩንና ስንት ተማሪ እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለመጽሐፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይሰጣል። ኮሌጅ የማይስበው ሰውም አይከለከልም፤ የከባድ መኪና መንጃ ሥልጠና፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ልምምድ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተና ሁሉ በዚሁ ሊከፈል ይችላል።

«ጂአይ ቢል ያለው ሌላ እርዳታ አያገኝም»

ያገኛል። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው (ፋፍሳ) የቀድሞ ወታደርን ከወላጅ ገቢ ነጻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጂአይ ቢሉንም እንደ ገቢ አያስበውም። ስለዚህ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የፔል ድጎማ ከላዩ ሊደረብ ይችላል። ግዛቶችም የየራሳቸው አላቸው። ቴክሳስ መስፈርቱን ለሚያሟሉ በመንግሥት ኮሌጆች እስከ 150 ክሬዲት ክፍያ ይምራል። ቨርጂኒያ በአገልግሎት ምክንያት ቢያንስ 90 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ላለባቸው ወታደሮች ልጆችና ባለቤቶች ተመሳሳይ ዕድል ትሰጣለች።

«ዜጋ መሆን ያስፈልጋል»፣ «በ15 ዓመት ይቃጠላል»

በግሪን ካርድ ያገለገለ ሰው መብቱ ሙሉ ነው። የ15 ዓመቱ ገደብም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ለተሰናበቱት በ2017ቱ ሕግ ተነሥቷል።

«አንዴ ከተፈቀደ ሥራው አለቀ»

ቪኤ የሚልከው የብቁነት ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም። በየሴሚስተሩ ኮሌጁ ውስጥ የወታደር ተማሪዎችን ምዝገባ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ ኮርሶቹን ለቪኤ ማሳወቅ አለበት፤ ያንን ሰው በስም ማወቅ ይጠቅማል። ተማሪውም በየወሩ መጨረሻ አሁንም እየተማረ መሆኑን በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ያረጋግጣል። ሁለት ወር በተከታታይ ካላረጋገጠ አበሉ ይቆማል።

ኮርስ ከመሰረዝ በፊትም ያው ሠራተኛ ጋ መሄድ ይሻላል። በመሐል የተቋረጠ ኮርስ የተከፈለበትን ገንዘብ ዕዳ ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰረዝ እስከ 6 ክሬዲት ድረስ ቪኤ ምክንያት ሳይጠይቅ እስከ ተሰረዘበት ቀን ያለውን ይተውለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመም ወይም የሥራ ዝውውር የመሰለ ምክንያት በማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል።