«በምን አውቃለሁ?» የመዳናችን እርግጠኝነት የቆመው በማን ላይ ነው?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ብዙ አማኞች በልባቸው ይዘውት የሚዞሩት፣ ግን ጮክ ብለው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ። «እውነት ድኛለሁ?» የሚል ነው። አምልኮው ሲሞቅ ጥያቄው ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ አንድ ክፉ ቃል ከአፋችን ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ወገን ኮንፈረንስ በተደረገ ቁጥር «ጌታን መቀበል የምትፈልጉ» ሲባል እጁን ያነሣል። የባለፈው ጸሎቱ የተሰማለት አይመስለውም። ሌላው ደግሞ መጠየቁ ራሱ አለማመን ይመስለውና ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ፍርሃቱ ይብስበታል።

የሚያምኑ ሁሉ አባት የተባለው አብርሃም (ያኔ ስሙ አብራም ነበር) ይህን የመሰለ ጥያቄ ጠይቋል። ዘፍጥረት 15ን ክፈቱ። ቁጥር 6 ላይ አብራም በእግዚአብሔር አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ ስለ መጽደቅ ሲያስተምር የሚጠቅሰው ይህንኑ ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ስትሉ ግን ያው ያመነው ሰው እግዚአብሔር ሊሰጠው ቃል ስለ ገባለት ምድር «እንደምወርሳት በምን አውቃለሁ?» ይላል። እምነቱ ጠፍቶ አይደለም። ልቡ የሚያርፍበት ነገር ፈልጎ ነው። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየል፣ የሦስት ዓመት በግ፣ ዋኖስና ርግብ አምጣልኝ አለው።

አብራም እንስሶቹን ለሁለት ከፈላቸውና ቁራጮቹን ፊት ለፊት አድርጎ አስቀመጠ። ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ለእርሱ ግን እንግዳ አልነበረም። ኤርምያስ 34፥18 ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቃል ኪዳን የሚገቡ ሰዎች በተከፈለው እንስሳ መካከል ያልፉ ነበር። «ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ እንስሳ ልሁን» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እንዲያልፉ እንጠብቃለን። ነገር ግን ፀሐይ ስትገባ በአብራም ላይ ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት። ከጨለመ በኋላ የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በቁራጮቹ መካከል አለፈ። አብራም አላለፈም። እግዚአብሔር ብቻውን አለፈ። ኪዳኑ ቢፈርስ የሚመጣውን እርግማን በራሱ ላይ ወሰደ ማለት ነው። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይንቀጠቀጣል። ገላትያ 3፥13 ላይ ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ከሕግ እርግማን ዋጀን የሚለውን ሳነብ፣ ያ ሌሊት እስከ ጎልጎታ ድረስ እንደሚዘልቅ ይታየኛል።

አብራም «በምን አውቃለሁ?» ሲል ስለ ራሱ ምንም አልተነገረውም። «እምነትህ ጠንካራ ነውና አትስጋ» አልተባለም። ያለፈ ታሪኩም አልተቆጠረለትም። ማስረጃ ሆኖ የቀረበለት እግዚአብሔር ራሱ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ማስረጃውን የምንፈልገው ከራሳችን ውስጥ ነው። ስንጸልይ አለቀስን ወይ? ስንት ቀን ጾምን? ያ የመጀመሪያው ፍቅር አሁንም አለ? እነዚህ ከንቱ ጥያቄዎች ናቸው አልልም። ቤት የሚሠራባቸው መሠረት ግን አይደሉም። ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም።

አብራምም ያው ነበር። በሚቀጥለው ምዕራፍ ሚስቱ ሣራ ባቀረበችለት ሐሳብ ወደ አገልጋይዋ ወደ አጋር ገባ፣ የተስፋውን ልጅ በራሱ መንገድ ሊያመጣ ሞከረ። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር። ምዕራፍ 17 ሲከፈት 99 ዓመት ሆኖታል። በመካከሉ ያሉት 13 ዓመታት ላይ መጽሐፍ ዝም ይላል። ከዚያ ዝምታ በኋላ ግን እግዚአብሔር ተገልጦ ያንኑ ኪዳን ሲያጸና እናያለን። የዕብራውያን ጸሐፊ የአብርሃምን ታሪክ ሲያነብ ትኩረቱ የወደቀው እግዚአብሔር ላይ ነው። እግዚአብሔር የሚምልበት ከእርሱ የሚበልጥ ስለሌለ በራሱ ማለ ይላል። ተስፋውና መሐላው ሁለት የማይለወጡ ነገሮች ሆኑ። እግዚአብሔርም ሊዋሽ አይችልም (ዕብራውያን 6፥13-18)።

አንድ አንባቢ «ታዲያ ዘካርያስስ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ሉቃስ 1፥18 ላይ ካህኑ ዘካርያስ ልጅ እንደሚወለድለት ለነገረው ለመልአኩ ለገብርኤል ያንኑ ጥያቄ አቀረበ። «ይህን በምን አውቃለሁ?» አለ። ዲዳም ሆነ። ገብርኤል ምክንያቱን ነግሮታል፣ ቃሌን አላመንህም ብሎታል። እንግዲህ አለማመን ቀላል ነገር አይደለም፣ ያስቀጣል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዮሐንስ ተወለደ። የአባቱ አለማመን ተስፋውን አላስቀረውም። ዘካርያስ ዝም ብሎ የሚስቱን የኤልሳቤጥን ሆድ ሲገፋ እያየ ከረመ። አፉ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራው እግዚአብሔርን መባረክ ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ባናምነው፣ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል፤ ራሱን ሊክድ አይችልምና» ብሎ የጻፈው ይህን ባሕርይ ነው (2 ጢሞቴዎስ 2፥13)።

አሁን ወደ ባሕርዩ ጠለቅ ብለን እንግባ። ስለ መዳናችን የምንሰጋው ብዙ ጊዜ ስለ እግዚአብሔር የተሳሳተ ሥዕል ስላለን ነው። ሊያባርረን ሰበብ የሚፈልግ አድርገን እናስበዋለን። እርሱ ግን ስለ ራሱ የተናገረው ቃል አለ፤ ያንን ቃል የተናገረበትን ቀንም አስተውሉ።

ዘጸአት 32 ላይ እስራኤል የወርቅ ጥጃ ሠሩ። ኪዳኑ ገና ትኩስ ነበር። «እግዚአብሔር ያለውን ሁሉ እናደርጋለን» ካሉ ብዙም አልቆዩም። ሙሴ ጽላቶቹን ከተራራው በታች ሰበራቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሙሴ «ክብርህን አሳየኝ» ብሎ የለመነው። የተሰጠው መልስ «መልካምነቴን ሁሉ በፊትህ አሳልፋለሁ» የሚል ነበር። በምዕራፍ 34 ደመና ወረደና እግዚአብሔር ስሙን አወጀ። መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት፣ አበሳንና መተላለፍን ኃጢአትንም ይቅር የሚል። ይህን ያወጀው ሕዝቡ ባማረበት ቀን አይደለም። ከሁሉ በከፋው ውድቀታቸው ማግስት ነው። እስራኤልም ይህን አዋጅ አልረሱትም። ሙሴ ራሱ ዘኍልቍ 14 ላይ እየጠቀሰ ስለ ሕዝቡ ማለደ። ነህምያ 9 ላይ የተመለሱት ምርኮኞች በንስሐ ጸሎታቸው ደገሙት። ዳዊት መዝሙር 103 ላይ ዘመረው። ዮናስ እንኳ ነነዌ ስትድን ተበሳጭቶ «መሓሪ እንደሆንህ አውቄ ነበር» እያለ በዚሁ አዋጅ ተከራከረ። ለጠላትም የሚዘረጋ ምሕረት ሆኖበት ነው የተናደደው።

እዚያው አዋጅ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ቃል አለ። በደለኛውን ከቶ የማያነጻ ይላል። ይህን ዘለን ማለፍ የለብንም። ፍርዱን ከቀነስን ምሕረቱም ትርጉም ያጣል። እንዴት ያው አምላክ በደልን ይቅር ይላል፣ በደለኛውን ደግሞ ያለ ቅጣት አይተውም? ብሉይ ኪዳን ይህን ጥያቄ ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ሮሜ 3፥26 ላይ መልሱ ይመጣል። እግዚአብሔር የኢየሱስን ደም ያቆመው እርሱ ራሱ ጻድቅ እንዲሆን፣ በኢየሱስ የሚያምነውንም እንዲያጸድቅ ነው። ለዚህ ነው ዮሐንስ «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው» ያለው (1 ዮሐንስ 1፥9)። ምሕረቱ ብቻ ሳይሆን ጽድቁም ከእኛ ጋር ቆሟል። ዋጋው ተከፍሏልና ሁለተኛ አይጠይቅም።

በአገራችን ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል። ሠራተኛው ቢያጎድል ተጠያቂው ዋሱ ነው። ስለዚህ ቀጣሪው ከሠራተኛው ይልቅ ዋሱን ይመለከታል። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስ ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆኖአል ይላል። አብ ስለ እኔ የሚያየው ይህን ዋስ ነው። እኔስ ማንን እያየሁ ነው?

ብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሣው ክፍል ደግሞ ዕብራውያን 6፥4-6 ነው። አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸው ቢክዱ ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለው። በዚህ ክፍል ላይ እግዚአብሔርን የሚፈሩ መምህራን ይለያያሉ። ክርክሩን እዚህ ልጨርሰው አልሞክርም። ሁለት ነገር ግን በድፍረት እላለሁ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነው። ከክርስቶስ መራቅን እንደ ቀልድ የያዘ ሰው ይስማው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው እዚያ አላቆመም። ቁጥር 9 ላይ «ወዳጆች ሆይ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ ስለ እነርሱ የሚሻለውንና ለመዳን የሚሆነውን እንደተረዳ ይነግራቸዋል። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተስፋችን እንደ ነፍስ መልሕቅ እርግጥና ጽኑ ሆኖ ወደ መጋረጃው ውስጥ መግባቱ አለ። ቁጥር 6 ላይ መጽሐፉን ዘግታችሁ አትተኙ። እስከ 20 ድረስ አንብቡ።

«ከጌታ ርቄ ይሆን?» ብላ የምታለቅስ እህቴ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ክርስቶስን የጣለ ልብ እርሱን ማጣት አያስጨንቀውም። አንቺን ግን ያስጨንቅሻል። ወደ እርሱ ሂጂ። «ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም» ብሏል (ዮሐንስ 6፥37)። ማርቆስ 9 ላይ የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ኢየሱስ መጀመሪያ እምነትህን አጥራ ብሎ አልመለሰውም። ልጁን ፈወሰለት።

እርግጠኝነት ስንፍናን ይወልዳል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። «ድኛለሁ፣ ምን አገባኝ» እያለ በኃጢአት የሚኖር ሰው አይተናልና። ለእርሱ የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ሌላ ቃል አላት። አውቀዋለሁ እያለ ትእዛዙን የማይጠብቅ ሐሰተኛ ነው ትላለች (2፥4)። ወንድሙን የሚጠላ በጨለማ አለ ትላለች። ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደመጣ መታመንንም ትጠይቃለች። እነዚህ ፍሬዎች ናቸው። ፍሬ ዛፉ ሕያው መሆኑን ያሳያል እንጂ ዛፉን አይተክለውም። ታዲያ ፍሬያችን ሲያንስ ስናይ ወዴት እንሂድ? ያቺው መልእክት 2፥1 ላይ ትነግረናለች። ማንም ኃጢአት ቢያደርግ ከአብ ዘንድ ጠበቃ አለን፣ እርሱም ጻድቅ የሆነ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። 3፥20 ላይ ደግሞ ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል። ሁሉንም ያውቃል፤ እኛ የማናውቀውን ኃጢአታችንን ጭምር። ያን ሁሉ እያወቀ ነው ልጁን የላከው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። የዮሐንስን የመጀመሪያ መልእክት በአንድ ቁጭታ አንብቧት። አምስት አጫጭር ምዕራፎች ናቸው። በመጀመሪያው ንባብ ስለ እናንተ የምትለውን ለጊዜው እለፉት፤ ስለ እግዚአብሔር የምትለውን ብቻ አስምሩበት። ብርሃን ነው፣ ጨለማም በእርሱ ዘንድ የለም። የታመነና ጻድቅ ነው። ፍቅር ነው። አስቀድሞ ወደደን፣ ልጁንም የኃጢአታችን ማስተስረያ አድርጎ ላከ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱና ስለ እናንተ የተጻፈውን አንብቡ። 5፥13 ላይ ስትደርሱ ዮሐንስ ለምን እንደጻፈ ታገኛላችሁ፦ «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ»። ጥያቄው አሁንም ካልለቀቃችሁ ብቻችሁን አትታገሉ። በአረብ አገር በሰው ቤት እየሠራችሁ ኅብረት የራቃችሁ እህቶችም፣ በስልክም ቢሆን የምታምኗት አንዲት አማኝ ፈልጉና አብራችሁ አንብቡ፣ አብራችሁም ጸልዩ።