የታብሌት ስክሪን አቆላለፍ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስክሪን መቆለፍ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ፓስወርድ ነው። ታብሌት ላይ ግን «ሎክ» የሚባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው የሚከለክለው ነው፤ በፒን፣ በፓተርን፣ በአሻራ ወይም በፊት ይሠራል። ሁለተኛው ታብሌቱ ሲዘነበል ስክሪኑ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚውን አንድ አፕ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ሌላው እንዳይወጣ ያደርገዋል።

ሦስቱም ስልክ ላይ አሉ። ታብሌት ግን የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ የሚኖርበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ እናት ድራማ ታይበታለች፣ መሥሪያ ቤትም ለሠራተኛው ይሰጠዋል። ስለዚህ ማን ምን ይክፈት የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአይፓድ በፊት

ታብሌት ከአይፓድ በፊትም ነበር። ግሪድፓድ የተባለው በ1989 ወጥቷል። ማይክሮሶፍት በ2002 የዊንዶውስ ኤክስፒን የታብሌት እትም ሲያወጣ ደግሞ አንድ ችግር መጣ። ዊንዶውስ ለመግባትም ለመቆለፍም ኮንትሮል፣ ኦልት እና ዲሊትን አንድ ላይ መጫን ይፈልግ ነበር፤ ታብሌት ደግሞ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። መፍትሔው ለዚሁ ሥራ የምትሆን ቁልፍ በመሣሪያው አካል ላይ መግጠም ሆነ።

አይፓድ

አፕል አይፓድን ያስተዋወቀው ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 ነው። ኤፕሪል 3 ላይ ሽያጭ ተጀመረ። አከፋፈቱን ከአይፎን ወርሷል፦ ግርጌው ላይ ያለውን ቀስት በጣት ወደ ቀኝ መግፋት። ይህ ስላይድ እስከ 2016ቱ አይኦኤስ 10 (አይኦኤስ አይፎንና አይፓድ የሚሠሩበት የአፕል ሶፍትዌር ነው) ድረስ ቆይቶ በሆም ቁልፉ ተተካ።

የመጀመሪያው አይፓድ ጎኑ ላይ፣ ከድምፅ ቁልፉ በላይ፣ አንዲት ትንሽ ስዊች ነበረችው። ሥራዋ የስክሪኑን መዞር መቆለፍ ነበር። አልጋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ለሚያነብ ሰው ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም። በኖቬምበር 2010 አይኦኤስ 4.2 ሲመጣ አፕል ስዊቿን የድምፅ ማጥፊያ አደረጋት። ተጠቃሚው አጉረመረመ። በማርች 2011 ከአይኦኤስ 4.3 ጋር ምርጫው ለተጠቃሚው ተሰጠ፤ የፈለገ ለድምፅ፣ የፈለገ ለመዞሪያ ያደርጋታል። በ2014 አይፓድ ኤር 2 ሲወጣ ግን ስዊቿ ጭራሽ ቀረች። ዛሬ መዞሩ የሚቆለፈው ከኮንትሮል ሴንተር፣ ማለትም ከስክሪኑ ጠርዝ በጣት ተስቦ ከሚወጣው የማስተካከያ ገጽ ነው። ይሠራል፤ ሳያዩ በጣት ብቻ ዳብሶ እንደመቆለፍ ግን አይቀልም።

በ2011 አይፓድ 2 ማግኔት ካለው ሽፋን ጋር መጣ። ሽፋኑ ሲከደን ስክሪኑ ይተኛል፣ ሲገለጥ ይነቃል። በዚያው ዓመት በአይኦኤስ 5 ላይ ከዚሁ ሽፋን ጋር የተያያዘ ክፍተት ተገኘ። የተቆለፈውን አይፓድ ማጥፊያ ቁልፍ «ይጥፋ ወይ?» የሚለው ምልክት እስኪመጣ መጫን፣ ሽፋኑን መክደን፣ መግለጥ፣ ከዚያ «ካንስል» ማለት። ታብሌቱ ፓስወርድ ሳይጠይቅ መጨረሻ ላይ የነበረበትን ገጽ ያሳያል። አፕል በ5.0.1 አስተካከለው። የታብሌት መቆለፊያ የስልክ ቅጂ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ክፍተቱ የገባው በሽፋኑ በኩል ነበር።

የቁጥሩ ጥንካሬ

አራት አሃዝ ያለው ፒን 10,000 ዓይነት ነው። ስድስት አሃዝ ከሆነ 1,000,000 ይደርሳል። አፕል አንድ ሙከራ በግምት 80 ሚሊሰከንድ እንዲፈጅ አድርጎ ሠርቶታል። ሌላ መከላከያ ባይኖር ኖሮ አራቱን አሃዝ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ 13 ደቂቃ ገደማ በቂ ነበር፤ ስድስቱን ለመጨረስ ደግሞ 22 ሰዓት። ስህተት ሲደጋገም የሚመጣው የግዴታ እረፍት የገባው ለዚህ ነው። እረፍቱ ከደቂቃ ይጀምርና እየረዘመ ይሄዳል። ባለቤቱ አስቀድሞ ካዘዘ ደግሞ ከ10 ስህተት በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

እረፍቱ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። በኤፕሪል 2019 የአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የ3 ዓመት ልጅ የአባቱን አይፓድ ደጋግሞ ሲሞክር ስክሪኑ ከ25,536,442 ደቂቃ በኋላ ሞክሩ አለ። ሲሰላ ከ48 ዓመት ይበልጣል።

አሻራ በአይፓድ ኤር 2 እና በአይፓድ ሚኒ 3 (2014)፣ ፊት ደግሞ በ2018ቱ አይፓድ ፕሮ ገብተዋል። ሁለቱም ቢኖሩም ታብሌቱ ጠፍቶ ሲበራ ፒኑ መጠየቁ አይቀርም።

አንድሮይድ

ፓተርን፣ ማለትም ዘጠኝ ነጥቦችን በጣት ማገናኘት፣ ከ2008ቱ የመጀመሪያ አንድሮይድ ስልክ ጀምሮ አለ። ከአራት እስከ ዘጠኝ ነጥብ በመጠቀም 389,112 ቅርጽ ይወጣል። ችግሩ ጣት ስክሪን ላይ ቅባት ትቶ ማለፉ ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ስልኮችን በተለያየ ብርሃንና የካሜራ አቀማመጥ ፎቶ አነሱ። በአንዱ ሙከራቸው ከአቀማመጦቹ በ92 በመቶው ፓተርኑን በከፊል፣ በ68 በመቶው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማንበብ ቻሉ። የታብሌት ስክሪን ሰፊ ስለሆነ አሻራው በዓይንም በደንብ ይታያል። ከከፈቱ በኋላ ጠረግ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም።

ለታብሌት የተሠራው አንድሮይድ 3.0 በ2011 ከሞቶሮላ ዙም ጋር ወጣ። በ2012 አንድሮይድ 4.2 አንድ ታብሌት ብዙ ተጠቃሚ እንዲኖረው ፈቀደ። መቆለፊያው ገጽ ላይ ሁሉም የየራሱን ስም ነክቶ ይገባል። ለቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አሠራር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ አፕ ላይ ማቆየት፣ እና ወንጪ

አይኦኤስ 6 (2012) ጋይድድ አክሰስን አመጣ። የተፈለገውን አፕ ከፍቶ የሆም ቁልፉን ሦስት ጊዜ መጫን ነው፤ ሆም ቁልፍ በሌላቸው ላይ የላይኛውን። ከስክሪኑ የማይፈለገውን ክፍል በጣት ከቦ ማሰናከልም ይቻላል። ልጁ ፊደል ከሚቆጥርበት አፕ ወጥቶ ዩቲዩብ አይገባም። አንድሮይድም በ2014፣ በ5.0፣ ስክሪን ፒኒንግ የሚባል ቀለል ያለ ተመሳሳይ ነገር ጨምሯል።

የዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ታሪክ ውስጥ የእኛ አገር ልጆች ቦታ አላቸው። በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው የሁለት መንደር ልጆች የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ሰጠ። አንዱ መንደር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው የወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ነው። ሌላው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወለንጪቲ። ልጆቹ በየመንደሩ 20 ያህል ሲሆኑ ማንበብ አይችሉም። ታብሌቶቹ በታሸገ ካርቶን ነው የተቀመጡላቸው። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። ባትሪውን በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ብቻ አዋቂዎቹ ተምረዋል። በየሳምንቱ ቴክኒሻን እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ሲነኩ እንደዋሉ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኦክቶበር 2012 እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ አንድሮይድን «ሀክ» አደረጉ። ካሜራው በድርጅቱ ሰው ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ካሜራ መኖሩን ደርሰውበት አስነሱት። የዴስክቶፑ ገጽታ እንዳይቀየር የሚያግድ ሶፍትዌርም ተጭኖ ነበር። የድርጅቱ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ኤድ ማክኒየርኒ እንዳሉት ልጆቹ እሱንም አልፈው እያንዳንዱ ታብሌት የተለያየ መልክ ይዞ ተገኘ።

ሀክ የሚለው ቃል ይበዛበታል የሚሉ አሉ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ማብራት ሀክ አይባልም ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ፣ በማያውቀው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሜኑ ውስጥ እየነካካ፣ ሆን ተብሎ የተዘጋ ነገር መክፈቱ አያከራክርም። ስሙ ምንም ይሁን ምን ትልቅ ሥራ ነው።

የአካውንት ቁልፍ

ታብሌቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት፣ ማለትም ፎርማት ማድረግ፣ ድሮ ማንኛውንም የስክሪን ቁልፍ ይፈታ ነበር። አይኦኤስ 7 (2013) እና አንድሮይድ 5.1 (2015) ይህን በር ዘጉት። አሁን ከፎርማት በኋላም የቀድሞው ባለቤት የአፕል ወይም የጎግል አካውንት ይጠየቃል። ለሌባ መጥፎ ዜና ነው። ያገለገለ ታብሌት በሐቅ ለሚገዛም ፈተና ሆኗል፤ ሻጩ አካውንቱን ሳያወጣ ከሄደ ገዢው የሚያገኘው የማይከፈት ዕቃ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ ራሱ ከአካውንቱ ወጥቶ፣ ታብሌቱ ፎርማት ተደርጎ፣ እስከ መጀመሪያው ገጽ ተከፍቶ ሊታይ ይገባል።