አባላቱ በየተራ የሚሸጡበት የገጠር ማኅበር ሱቅ

የማኅበር ሱቅ የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) ገዝተው የሚያቋቁሙት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ደብተር ከወረዳ ከተማ አምጥቶ የሚሸጥ መደብር ነው። ሽያጩ የሻጭ ደመወዝ መሸፈን እስኪችል ድረስ የሚሸጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ በተራ፣ ያለ ክፍያ። አበል ካለም በመተዳደሪያ ደንቡ ይወሰናል።

አሠራሩ በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በ1844 እ.ኤ.አ. 28 ሰዎች ከከፈቱት ሱቅ ጋር ይመሳሰላል። እነሱም ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ ይዘው፣ መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ እየከፈቱ ነበር የሠሩት። በእኛ አገር በ1968 ዓ.ም. የወጣው የገበሬ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 71 የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አስፋፋ። የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ንብረታቸው የተዘረፈም ነበሩ። ገበሬው በግዴታ እንደተደራጀ ይቆጥር ስለነበር ሱቁን የራሴ ብሎ የጠበቀው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራቱን በፈቃደኝነት ላይ መሠረቱ። አባሉ የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው።

እንዲህ ያለውን ሱቅ በብዛት የሚጥለው የርክክብ ጉድለት ነው። ቁልፉ በወር አምስት ሰው እጅ ካለፈና በየመሀሉ ቆጠራ ከሌለ፣ በወሩ መጨረሻ የታየው ጉድለት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ያኔ ሐቀኛው ሰው ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ተራውን ይተዋል። ስለዚህ ሻጭ በተለወጠ ቁጥር ተራውን የጨረሰው ሻጭ፣ ተረካቢው ሻጭና ከቁጥጥር ኮሚቴ አንድ ሰው ሆነው ይቆጥራሉ። የተከፈተ ጆንያ በዓይን አይገመትም፣ ይመዘናል። የጀሪካን ዘይትም እንዲሁ፤ የባዶው ጀሪካን ክብደት ተቀንሶ፣ ሊትሩ ከ900 እስከ 920 ግራም ገደማ ተደርጎ ይታሰባል።

ሒሳቡ የሚሠራው በመሸጫ ዋጋ ነው፤ ሻጩ በተረከበበት ቀን የነበረው ዕቃ ላይ አዲስ የገባው ይደመርና አሁን የቀረው ይቀነሳል። ለምሳሌ የ18,400 ብር ዕቃ ተረክቦ የ6,500 ብር ገብቶለት የ19,750 ብር ቢያስረክብ፣ በሳጥኑ 5,150 ብር መገኘት አለበት። 5,090 ብር ከተገኘ የ60 ብሩ ጉድለት እዚያው ይጻፍና ሦስቱም ይፈርማሉ። ዋጋ የተጨመረ ዕለት ግን ማታውኑ መቆጠር አለበት። ካልተቆጠረ ሒሳቡ የሌለ ትርፍ ያሳያል፤ በዚያ ትርፍ ስርም እውነተኛ ጉድለት ይደበቃል።

ሁለት ሰው አብሮ ቢሠራ ይመረጣል፤ አንዱ ይመዝናል፣ ሌላው ገንዘብ ተቀብሎ ይመዘግባል። በሩ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ቤት ይደሩ።

ዋጋ ሲተመን አብዛኛው ሰው የሚረሳው የሚዛን ብክነትን ነው። ሻጩ ኪሎ በሰፈረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ገዢው ትንሽ ያዘነብላል፤ ይህ ደግነት እንጂ ጥፋት አይደለም። ሆኖም በአንድ ኪሎ 20 ግራም ብቻ ቢያልፍ ከ50 ኪሎ ጆንያ አንድ ኪሎ ይጠፋል። ጆንያው 5,000 ብር ተገዝቶ ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 150 ብር ወጣ እንበል። 5,150 ለ50 ሲካፈል 103 ብር ይመጣል፤ የሚሸጠው ግን 49 ኪሎ ነውና ትክክለኛው 105 ብር ከ10 ሳንቲም ነው። 5 በመቶ ጨምሮ በ110 ብር የሸጠ ማኅበር 240 ብር ያተርፋል፤ በ50 አካፍሎ በ108 ብር የሸጠው 142 ብር ብቻ ይቀረዋል።

ጨውና ስኳር እርጥበት ይስባሉ፤ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርገው ይቀመጡ። ላምባና የልብስ ሳሙና በተለየ ጥግ መሆን አለባቸው፤ ዱቄትና ቡና ሽታቸውን ይይዛሉ፣ ላምባ የሸተተ ዱቄት ደግሞ ተመላሽ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደጋ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ይጋገራል፤ ከመሸጡ በፊት ፀሐይ ላይ ካልዋለ ከግርጌው የሚቀረው ኪሳራ ነው።

ሻጮቹ ገበሬዎች ስለሆኑ በእርሻና በአጨዳ ሰሞን ሱቁን በየቀኑ እንክፈት ማለት አያዛልቅም። የገበያ ቀንና እርሻ የማይታረስባቸው እንደ 12፣ 21 እና 29 ያሉ በዓላት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመቻሉ፤ ሙስሊም በሚበዛበት ቀበሌ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። የተወሰነው ሰዓት በበሩ ላይ ይጻፍና ይከበር። ሁለት ጊዜ ዝግ ሆኖ ያገኘው ገዢ ወደ ነጋዴው ይመለሳል። ተረኛው ማሳው የሚጎዳበት ከሆነ ጎረቤቶቹ በደቦ ቢያርሱለት ከአበል የተሻለ ያቆየዋል።

የዕቃ ግዥ ወቅትን ይከተላል፤ በዐቢይ ጾም ዘይት፣ በረመዳን ስኳር፣ በመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ይፈለጋል። ዱቤ የሚበዛው ደግሞ ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የሚመለሰው ምርት ሲገባ፣ በጥር ነው። የማኅበሩ ገንዘብ በሰው እጅ ከቀረ የመስከረሙ ደብተር አይገዛም። ዱቤን ጨርሶ መከልከል ግን በክፉ ቀን ጎረቤትን ማሳፈር ነው። ስለዚህ ጣሪያው አባሉ ከገዛው ዕጣ ዋጋ እንዳያልፍ፣ ዱቤውም በቁጥርና በፊርማ እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህ ገደብ መጀመሪያ የሚሠራው በኮሚቴው አባላት በራሳቸው ላይ ነው። ያልተፈረመበት ዱቤ በርክክብ ቀን በሻጩ ላይ እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ ለመጠባበቂያ ከተያዘው የተረፈው ትርፍ በዕጣና በግዥ መጠን ይከፋፈላል። ዓመቱን ሙሉ ጨውና ሳሙና ከሱቁ የገዛች አንዲት ዕጣ ብቻ ያላት ሴት፣ ብዙ ዕጣ ይዞ ከከተማ ከሚገዛው ሰው የበለጠ ልታገኝ ትችላለች። ይህ እንዲሆን ሻጩ እያንዳንዱን ግዥ በአባሏ ደብተር ላይ መጻፍ አለበት፣ አንዲት ክብሪትም ብትሆን።